የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ለመምረጥ ፕሮግራመር መሆን ያስፈልጋል?

የመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ለክበባችን የፕሮግራሚንግ መጻሕፍት ምረጥና እንገዛለን ተብያለሁ። አራት እጩዎች አሉኝ። አንደኛው 1,100 ገጽ ያለው የሲ ፕላስ ፕላስ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ፓይተንን በአንድ ሳምንት አስጨርሳለሁ የሚል ቀጭን መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው በአማርኛ የተጻፈ የፓይተን መጽሐፍ ነው። አራተኛው አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ‹ከዚህ የተሻለ የለም› ያለኝ የከርኒጋንና የሪቺ የሲ መጽሐፍ ነው። ችግሩ እኔ ራሴ ፕሮግራሚንግ የተማርኩት አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። የማላውቀውን እንዴት ልፍረድ? ልጆቹ 30 ናቸው፤ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 12 ናቸው፤ ኢንተርኔቱ አለ ከሚባል የለም ቢባል ይሻላል።»

ሰላም መምህር። ድክመቴ ነው ብለው የጻፉት ነገር ለዚህ ሥራ ያግዝዎታል። እኔ ብዙ ዓመት በኮድ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። አንድ መጽሐፍ አንዲት እርምጃ ዘሎ ቢያስረዳ አይታወቀኝም፤ ዓይኔ ራሱ ይሞላዋል። እርስዎ ግን እዚያች ላይ ይደናቀፋሉ። ልጆቹም የሚደናቀፉት እዚያችው ላይ ነው። ስለዚህ «አልገባኝም» ባሉበት ገጽ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ እንጂ በራስዎ አይፍረዱ።

ኮዱ ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ደግሞ የሚፈርድልዎ ሌላ አለ። የታሪክ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ አንዲት ቀን ለማመሳከር ቤተ መጻሕፍት መዋል ነበረብዎ። የዚህኛው ዳኛ ግን ጠረጴዛዎ ላይ ተቀምጧል። ኮምፒውተር ይሉኝታ አያውቅም። ደራሲው ዶክተር ነው፣ ሽፋኑ ያምራል፣ ዋጋው ውድ ነው ብሎ አያልፍም። የተሰጠውን ይሠራል፤ ካልሆነለት አልሠራም ይላል።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይመድቡ። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ሦስት ቦታ ይምረጡ። አንዱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይሁን፣ አንዱ ከመሃል፣ አንዱ ወደ መጨረሻው ጠጋ ብሎ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሁሉም ያሳምረዋል። የደራሲው ጉልበት የሚታየው መሃል ላይ ነው። ኮዱን እንዳለ፣ ነጥብ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ በእጅዎ ይተይቡት። «ይቺን ረስቷት ነው» ብለው አያስተካክሉለት። ልጁ የተረሳችውን አያውቃትም።

እዚህ ላይ በአገር ውስጥ በሚታተሙና በቴሌግራም በሚዞሩ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርዎ። ደራሲው ኮዱን በቀጥታ ዎርድ ላይ ይጽፈዋል። ዎርድ ደግሞ የረዳ መስሎት የራሱን ያደርጋል። ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ያጎብጠዋል። መስመር ሲጀመር የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ ያደርጋታል። ፓይተን ላይ ፕሪንት የሚለው ትእዛዝ በትንሿ ፒ ነው የሚጻፈው። በትልቋ ከጻፉት «እንዲህ የሚባል ነገር አላውቅም» ብሎ ይቆማል። ጎባጣውን ጥቅስም አይቀበልም። ከዚህ የባሰው የመስመሩ አገባብ ነው። ፓይተን የትኛው መስመር በየትኛው ሥር እንዳለ የሚያውቀው ከዳር ምን ያህል ገባ ብሎ እንደተጻፈ አይቶ ነው። ገጹን ያቀናበረው ሰው ለማሳመር ብሎ ሁሉንም ወደ ግራ ካስጠጋው ፕሮግራሙ አለቀለት። መጽሐፉ ውስጥ ትልቋን ፒ፣ ጎባጣ ጥቅስ ወይም ዳር የተለጠፈ ኮድ ካዩ፣ ከታተመ በኋላ ያንን ገጽ እያየ የሞከረው ሰው የለም ማለት ነው። አንድ ቦታ ቢሆን ስሕተት ነው እንበል። በየገጹ ከሆነ መጽሐፉን ይዝጉት።

ቀጥሎ ዕድሜውን ይዩ። ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት አያታልልዎ፤ አሮጌ ጽሑፍ አዲስ ሽፋን ለብሶ ይወጣል። ፓይተን ከሆነ መለያው ቀላል ነው። ፕሪንት ከሚለው ቃል ቀጥሎ ቅንፍ ከሌለ መጽሐፉ የሚያስተምረው ፓይተን 2ን ነው። ፓይተን 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ ደግሞ በ2020 መባቻ ላይ ተቋርጧል። በዚያ መጽሐፍ የሚማር ልጅ አዲስ ኮምፒውተር ላይ በመጀመሪያው መስመር ይወድቃል። ጥፋቱን የሚያደርገው ደግሞ በራሱ ነው።

ሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ የኮዱን የመጀመሪያ መስመር ይዩ። አዮስትሪም ከሚለው ቀጥሎ ነጥብና ኤች ካለ፣ የቋንቋው የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998 ከመውጣቱ በፊት የነበረ አጻጻፍ ነው። ቮይድ ሜይን እና ኮኒዮ የሚሉትን ካገኙ ደግሞ ደራሲው ያደገው ቱርቦ ሲ በሚባለው አሮጌ የኮድ መጻፊያ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ነው። እኔም ያደግኩት እዚያው ስለሆነ ናፍቆቱ ይገባኛል። የዛሬን ተማሪ ግን እዚያ መውሰድ ግፍ ነው። ስለ ድረ ገጽ ሥራ የሚያስተምሩት ላይ ብዙ አልልም። ፒኤችፒ ከሆነና ማይኤስኪውኤል አንደርስኮር ብለው የሚጀምሩ ትእዛዞችን የሚያስተምር ከሆነ፣ እነሱ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ፒኤችፒ 7 ተወግደዋል። ይለፉት።

የራሴን ነገር ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ካምፓስ ሳለሁ መጽሐፋችን ከፎቶኮፒ ላይ ፎቶኮፒ የተደረገ፣ ግማሽ ፊደሉ የጠፋ ሐንድአውት ነበር። ፈተናውም በወረቀት ነበር። «የዚህ ኮድ ውጤት ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አይ የምትባለዋን ቁጥር ከፊትም ከኋላም «አንድ ጨምር» በሚለው ፕላስ ፕላስ ከብቦ፣ እዚያው መስመር ላይ መልሶ ከራሷ ጋር ይደምራታል። እኛም ዘዴውን ሸምድደን ኤ አመጣን። ኋላ ስረዳው፣ በሲም ሆነ በሲ ፕላስ ፕላስ እንዲህ ያለ መስመር የተወሰነ ውጤት የለውም። የቋንቋው ደረጃ ራሱ ምን እንደሚወጣ አይናገርም። አንዱ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) 12 ሲል ሌላው 13 ቢል ሁለቱም አልተሳሳቱም። መልስ የሌለውን ጥያቄ መልሰን ነው የተመረቅነው። ይህን ዓይነት መልመጃ የሚደረድር መጽሐፍ ካጋጠመዎ ደራሲው ፈተና እንጂ ፕሮግራም ጽፎ አያውቅም።

መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቦታ ደግሞ ደረሰኝ የሚያትም ፕሮግራም ሰጡኝ። የደንበኛው ስም ከ10 ፊደል እንዳይበልጥ አድርግ ተባልኩ። ሐንድአውቱ «አንድ ፊደል ማለት አንድ ባይት ነው» ብሎ አስተምሮኛል፤ ባይት ኮምፒውተር መረጃ የሚለካባት ትንሽ መስፈሪያ ናት። 10 ባይት ላይ ቆረጥኩት። በእንግሊዝኛ ሞክሬው ሠራ። በማግስቱ ገብረመድህን የሚል ስም «ገብረ» ሆኖ፣ ከኋላው የማይነበብ ምልክት ጎትቶ ታተመ። ስሙ 10 ፊደል እንኳን አይሞላም፤ ይቁጠሩት፣ 7 ነው። ደንበኛው ደረሰኙን ይዘው መጥተው «እኔ ገብሬ አይደለሁም» አሉ። ሳቁ እስከ ወር መጨረሻ ድረስ ቆየ።

የሆነው ይህ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር ከሚሰጠው ከዩኒኮድ ጋር ተቀላቀለ። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አቀማመጥ የእኛ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። በ10 ባይት ውስጥ ሦስት ፊደል ይገባና ከአራተኛው አንድ ሦስተኛው ተቆርጦ ይንጠለጠላል። ይቺ ነገር ለእርስዎ ግሩም መመዘኛ ትሆናለች። መጽሐፉ ስለ ስትሪንግ፣ ማለትም ኮድ ውስጥ ስለሚያዝ ጽሑፍ፣ የሚያስተምርበትን ምዕራፍ ይክፈቱ። የቃል ርዝመት የሚለካውን ኮድ ይውሰዱና በእንግሊዝኛው ቃል ቦታ «ሰላም» ብለው ይጻፉ። ፓይተን 3 ላይ 3 ይላል። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ በተራው ስትሪንግ 9 ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። መጽሐፉ ቢያንስ በአንድ አንቀጽ ይህን ከነካ ደራሲው ከእንግሊዝኛ ውጭ ሌላ ሰው እንዳለ ያውቃል። የውጭ መጽሐፍ ባይነካው ይቅር እንበለው። በአማርኛ ለአማርኛ አንባቢ የተጻፈ መጽሐፍ ካልነካው ግን ለማን እንደተጻፈ ግራ ይገባኛል።

አሁን አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። ይህን ሁሉ ሲፈትሹ ስሕተት ያላገኙበት መጽሐፍ አይኖርም። ባይነሪ ሰርች የሚባል ዘዴ አለ፤ የተደረደረን ዝርዝር መሃሉ ላይ እየከፈሉ መፈለግ ነው፣ መዝገበ ቃላት ስንገልጥ እንደምናደርገው። ለማንም ጀማሪ ይሰጣል። ሪቻርድ ፓቲስ የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት 20 የመማሪያ መጻሕፍትን አገላብጦ ነበር። ኮዱን በትክክል ጽፈው ያገኛቸው 5ቱን ብቻ ነው። እንደገና በ2006 ጆሹዋ ብሎክ ሌላ ጉድ አወጣ። ብሎክ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ውስጥ ያለውን ባይነሪ ሰርች የጻፈው ሰው ነው። የራሱ ኮድ ለ9 ዓመት ያህል ስሕተት ይዞ እንደቆየ ነው ለዓለም የተናገረው። መሃሉን ለማግኘት የታችኛውንና የላይኛውን ቦታ ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። ምን ችግር አለው ይላሉ? ዝርዝሩ በጣም ሲረዝም ድምሩ ከ2,147,483,647 ያልፋል። ያኔ ቁጥሩ ተገልብጦ ኔጋቲቭ ይሆናል። መድኃኒቱ ልዩነታቸውን ለሁለት ከፍሎ ታችኛው ላይ መጨመር ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ነች። ያቺው ስሕተት በሙያው በተከበረ መጽሐፍ ውስጥም ነበረች።

ስለዚህ ስሕተት መኖሩ ብቻ አያስጥለውም። ደራሲው ስሕተቱን ምን ያደርገዋል የሚለውን ይዩ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ የመጀመሪያውን ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው «ዘ አርት ኦቭ ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ» በተባለው ታላቅ ሥራው ላይ ስሕተት ላገኘ ሰው እስከ 2008 ድረስ 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም የሚል ቼክ ይልክ ነበር። ለምን 256 ሳንቲም? ለኮምፒውተር ሰው እሱ ክብ ቁጥር ነው፤ እኛ 100 እንደምንለው። ብዙዎቹ ቼኩን ባንክ አይወስዱትም ነበር፤ መስተዋት አስገብተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ከእርስዎ እጩዎች ይህን አልጠብቅም። ግን መጽሐፉ የእርማት ዝርዝር አለው? ሁለተኛው እትም ላይ የመጀመሪያው ስሕተት ታርሟል? ስሕተት ያገኘ አንባቢ የሚጽፍበት አድራሻ አለ? በሽፋኑ ውስጥ ወደታተመው ኢሜይል አንድ ጥያቄ ይላኩ። መልስ የሚሰጥ የአገር ውስጥ ደራሲ ካገኙ ለክበቡ ከመጽሐፉ በላይ ይጠቅማል።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እኔ አንድን የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ የምመዝነው የልጁ ፕሮግራም አልሠራ ሲል ምን ያደርግለታል በሚለው ነው። ኮድ ሲሠራማ መጽሐፍ ምን ያደርጋል? ልጁ ይዘላል፣ ጓደኛውን ይጠራል፣ ገጽ ይገልጣል። ጊዜው ሁሉ የሚያልቀው ግን አልሠራም ባለው ጊዜ ነው። ለእኔም ዛሬ ድረስ እንደዚያው ነው።

ምሳሌ ልስጥዎ። የሁለት ፈተና አማካይ የሚያወጣ ፕሮግራም ሁሉም መጽሐፍ ውስጥ አለ። ልጁ 75 እና 80 አገኘ እንበል። ድምሩ 155 ነው። ለሁለት ሲካፈል 77.5 ይመጣል። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ቁጥሮቹን ኢንት ብሎ የጻፈ ልጅ ግን የሚያገኘው 77 ነው። ግማሿ ነጥብ የት ገባች? መጥፎ መጽሐፍ ይህን ጣጣ ያውቀዋል፤ ስለዚህ 70 እና 80 ሰጥቶ ያልፋል። ውጤቱ 75፣ ሁሉም ደስተኛ። ጥሩ መጽሐፍ ሆን ብሎ 75 እና 80ን ይሰጣል። «ስንት ይወጣል ብለህ ትጠብቃለህ? ጻፍና ራን አድርገው» ይላል። ልጁ 77 ሲያይ ይደነግጣል። ከዚያ ነው መጽሐፉ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው፦ ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ቋንቋው ክፋዩን ይጥለዋል፣ ለምን እንደሚጥለው፣ እንዴት እንደሚዳን። ይህን በራሱ ማርክ ላይ ያየ ልጅ አይረሳውም።

ቀጥሎ ያንኑ ፕሮግራም ለክፍሉ በሙሉ ያድርጉት። የተማሪዎቹ ቁጥር ዜሮ ቢሆንስ? ለዜሮ ማካፈል ይመጣል፤ ፓይተን በቀይ ጽሑፍ ይጮሃል። መጽሐፉን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ይህን ቀይ ጽሑፍ ይፈልጉት። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ሁሉም ፕሮግራም በመጀመሪያው ሙከራ የሚሠራበት መጽሐፍ ካገኙ የሰርግ ቪዲዮ ነው እንጂ ትዳር አይደለም።

የአማርኛውን መጽሐፍ በዚህ በኩል ጠበቅ አድርገው ይፈትሹት። ደራሲው ኮድ ውስጥ ዋጋ የሚያዝበትን ስም «ቫሪያብል» አለው ወይስ «ተለዋዋጭ» የሚለው ክርክር ብዙ አያስጨንቀኝም። በአማርኛ ሐሳቡን አስረድቶ ቃሉን ማሽኑ ላይ እንዳለው ካስተዋወቀው በቂ ነው። ሁሉንም ቃል ተርጉሞ ዋናውን የደበቀ መጽሐፍ ግን ልጁን በረሃ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ማሽኑ ሲጮህ የሚጮኸው በእንግሊዝኛ ነውና። ስለዚህ ይፈልጉ፦ የስሕተት መልእክት እንዴት እንደሚነበብ የሚያስተምር ቦታ አለ? ፓይተን ረጅም ጽሑፍ ሲተፋ ከታች ካለችው የመጨረሻ መስመር ጀምረህ አንብብ፣ ምን እንደሆነ የምትነግርህ እሷ ናት፣ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ከሷ ከፍ ብሎ አለ ይላል? ሲንታክስ ኤረር፣ ኔም ኤረር፣ ኢንደንቴሽን ኤረር የሚሉትን አንድ በአንድ በአማርኛ ይፈታል? አንድ ልጅ እነዚህን አምስት ስድስት መልእክቶች በአፍ መፍቻው ከተረዳ ግማሹን መንገድ ሄዷል። እዚህ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ የውጩን ያስንቃል። አብዛኞቹ ግን ይህን ዕድል ሳይጠቀሙበት ትርጉም ሲዘረዝሩ ያልቃሉ።

መልመጃዎቹም እንደዚሁ። «የሉፕ (የድግግሞሽ ትእዛዝ) ዓይነቶችን ዘርዝር» የሚል ጥያቄ የጂኦግራፊ ጥያቄ ነው። ጥሩ መልመጃ ቀላል መስሎ ወጥመድ አለው። እኔ ለጀማሪ የምሰጠው አንድ አለኝ፤ መጽሐፍዎን ከሱ ጋር ያስተያዩት። በፈረንጅ አቆጣጠር ሰዓት ይሰጥና በእኛ ሰዓት ይቀየራል። 8 ሰዓት 2 ሰዓት ነው፤ 11 ሰዓት 5 ሰዓት ነው። ልጁ በአንድ ደቂቃ «6 መቀነስ ነው!» ብሎ ይጽፋል። ይሠራል። ከዚያ 6 ሰዓት ስጠው። ዜሮ ሰዓት ይላል። 3 ሰዓት ስጠው። ከዜሮ በታች ወርዶ ኔጋቲቭ 3 ሰዓት ይላል። ክፍሉ ይስቃል። አሁን ነው ማሰብ የተጀመረው። መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ «ጨረስኩ» ካሉ በኋላ ራሳቸውን የሚገልጡ ጥያቄዎች ካሉ ውድ ነው። ኮዱን ሰጥቶ «የተበላሸውን ፈልግ» የሚል ካለ ደግሞ እጥፍ ነው። 12 ኮምፒውተር ለ30 ልጅ ስለሆነ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ወረቀት ላይ የሚሠራው ነገር ያስፈልገዋል። ኮድ አንብቦ «ምን ያወጣል» ብሎ መገመት ለዚያ ይሆናል፤ የኛ ዘመኗ አይ ፕላስ ፕላስ አትሁን እንጂ።

ስለ ኮከብና ስለ አስተያየት አጭር ልበል። አምስት ኮከብ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ሁለት ምዕራፍ ያነበበ ሰው ነው። ሦስት ኮከብ የሰጡትን ያንብቡ፤ እነሱ መሃሉን አይተውታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በጅምላ የሚጻፉ መጻሕፍት ገብተዋል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ አሳታሚ በቀን ከ3 በላይ አዲስ መጽሐፍ እንዳይጭን ገደብ ያወጣው ወዶ አይደለም። እነዚህ ሲነበቡ ለስላሳ ናቸው። ሲተየቡ ነው የሚታወቁት፦ ምዕራፍ 3 ላይ የተሠራው ነገር ምዕራፍ 7 ላይ ስሙ ተቀይሮ ይመጣል።

አሁን ወደ አራቱ እጩዎችዎ።

1,100 ገጹን የሲ ፕላስ ፕላስ መጽሐፍ ለልጅ አይስጡ። የአዮስትሪሙን ፈተና ካለፈ አንድ ቅጂ ይግዙ፣ ለእርስዎ፣ እንደ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጡት። አለበለዚያ ምንም አይግዙ። ውፍረት ዕውቀት አይደለም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ውስጥ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚጫን የሚያሳይ ስክሪንሹት ብቻ 60 ገጽ ሲይዝ አይቻለሁ።

«በአንድ ሳምንት» የሚለውን ርዕሱን ይርሱት፤ ብዙ ጊዜ የሻጭ ቋንቋ ነው። ፒተር ኖርቪግ የተባለው የታወቀ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ለእንዲህ ዓይነቱ ርዕስ የሰጠው መልስ «አሥር ዓመት» የሚል ነበር። ውስጡ ግን የፕሪንቱን ቅንፍና ቀዩን ጽሑፍ ካለፈ ቀጭንነቱ ጥሩ ነው። ለክረምት ይበቃል።

የአጎትዎ ልጅ አልዋሸም። የከርኒጋንና የሪቺ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ፣ በ1988 የታደሰ ነው። የመጀመሪያው እትም 228 ገጽ ነበር። ዛሬ ማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ የሚጽፈው «ሄሎ ወርልድ» ዓለምን ያዳረሰው በዚህ መጽሐፍ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንዲት ትርፍ ቃል የለውም። ግን መቅድሙን ያንብቡ። መግቢያ የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ እንዳልሆነ፣ ቫሪያብልና ሉፕ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አንባቢ እንደሚፈልግ ራሱ በግልጽ ይናገራል። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ብርቅ ነው። መቅድሙን ዘሎ ለጀማሪ የሚያስይዘው ሰው ነው የሚያጠፋው። አንድ ቅጂ ይግዙና ሌላውን ሁሉ ጨርሶ «ሌላስ?» ለሚልዎ ልጅ ይደብቁለት። እንዲህ ያለ ልጅ ከ30ው መሃል አንድ አይጠፋም።

የአማርኛውን ደግሞ አላየሁትም፤ እርስዎ ነዎት የሚፈርዱት። ጥቅሱ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ፕሪንት በትንሿ ፒ ከሆነ፣ «ሰላም» 3 ነው ካለ፣ ቀዩን ጽሑፍ በአማርኛ ከፈታ፣ ገንዘቡን በሙሉ እዚያ ላይ ያውሉት። ከነዚህ ሁለቱን ከሳተ አንድ ቅጂ ገዝተው ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ አርመው ለደራሲው ይላኩለት። የፓይተንን ይፋዊ መመሪያ ደግሞ ከተማ ሲወጡ በፍላሽ አውርደው 12ቱም ኮምፒውተር ላይ ይጫኑት። በነፃ ነው፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ለጀማሪ ጠንከር ይላል፤ ግን ጥያቄ ሲመጣ እርስዎን ያድንዎታል።

ጅምላ ከመግዛትዎ በፊት የመጨረሻ ሙከራ አለች። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቅጂ ይያዙ። ሁለት ልጆች ይጥሩ፤ አንዱ ኮምፒውተር የለመደ፣ አንዷ ገና ማውዝ የምትይዝ። መጽሐፉን ሰጥተው ከኋላቸው ይቀመጡ። አፍዎን ይዝጉ። መምህር ለሆነ ሰው ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የት ገጽ ላይ እንደቆሙ፣ ሲቆሙ መጽሐፉን መልሰው እንዳነበቡ ወይስ እርስዎን ዞረው እንዳዩ ይመዝግቡ። 40ኛው ገጽ ሳይደርሱ መጽሐፉን ዘግተው የራሳቸውን ነገር መሞከር ከጀመሩ ያንን ይግዙ።

የሰዓቱን መልመጃ ለሁለቱም ይስጧቸው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ማን ቀድሞ እንደሚነቃ ይጻፉልኝ።